የግራው ሽብልቅ

ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው። ሁለት ሰዎች በጨው የታሸ የበግ ቆዳ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ከክምሩ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አንደኛው የማጠቢያው ድራም ኃላፊ አቶ ወርቅአገኘሁ ናቸው። ሌላኛው ማን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም፤ ምናልባት ከደነባ ቆዳ የሚያመጣልን ነጋዴ፣ ምናልባትም ሾፌሩ። ብርድ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ያልነበረበት ቀን መቼ አለ ትሉኝ ይሆናል።

«ይኼ አዲሱ ልጅ እንዴት ነው?» አለ ያኛው።

«ብርሃነ መስቀል? ጆሮ አለው» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ። «ከኔ በኋላ ድራሟን የሚይዛት እሱ ነው። ጆሮስ አለው፤ ግን...»

እዚህ ላይ ሞተሩ ተነሣ። ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሞተሩ ዋጠው። ወይ ደግሞ አልዋጠውም፤ እኔን ደስታው አደንቁሮኝ ይሆናል። አቶ ወርቅአገኘሁ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረው ዐረፉ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «ያን ጊዜ ምን ሊሉ ነበር?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። የምፈልገውን ሰምቻለሁ፤ ድራሟ የኔ ናት።

ድራም የምንላት ከወፍራም ሳንቃ የተሠራች፣ ቁመቷ ሰው የሚበልጥ፣ የተጋደመ በርሜል የመሰለች የቆዳ ማጠቢያ ናት። መካከሏን የወጋ የብረት ዘንግ በግራና በቀኝ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ተቀምጧል፤ ሞተሩ በቺንጋ እየሳበ ያዞራታል። ሆዷ ውስጥ ውኃ፣ ሳሙናና ቆዳ እንጨምራለን። በውስጧ የተተከሉት የእንጨት ጥርሶች ቆዳውን ወደ ላይ እያነሡ ወደ ታች ይጥሉታል፤ ደሙም ፋንድያውም ጨውም በዚያው ይለቃል። ማኅበራችን ዐሥራ ስድስት ሰው ነው። ከጣርማ በርም፣ ከደብረ ሲናም፣ ከከተማውም የበግ ቆዳ ሰብስበን፣ አጥበንና አልፍተን አጎዛ እናደርገዋለን፤ ለወለል፣ ለወንበር፣ ለመኪና መቀመጫ። ድራሟ ከቆመች ዐሥራ ስድስታችንም ቆመናል ማለት ነው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለ ድራሟ የማውቀውን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም፤ በመስማት ነው የተማርኩት። ቆዳው ገና ደረቅ ሳለ ሲወድቅ እንደ ፍልጥ ይንኳኳል። ውኃ ሲጠጣ ድምፁ እየከበደ ይሄዳል። ጸጉሩ ተበትኖ ሲጠራ ደግሞ እርጥብ ጋቢ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ያለ ነው። ያኔ ውኃው ይለወጣል። ሰዓት አላይም። አንድ ዙር፣ አንድ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፤ እንዲህ እያልኩ በመቁጠሪያዬ እቆጥራለሁ። መቁጠሪያዬ አርባ አንድ ፍሬ ነው፤ ዐሥር ጊዜ ሲዞር የመጀመሪያው ውኃ ይፈሳል። ሰዎች ሥራና ጸሎት ቀላቀለ ብለው ያሙኛል። አልዋሹም። ከድራሟ ፊት የተሻለ የምጸልይበት ቦታ አላገኘሁም ነበር።

ስለዚህ ዓወል የመጣ ጊዜ የነካብኝ እንጀራዬን ብቻ አልነበረም።

ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው። አባቱ እዚያ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቱን መሊካን ይዞ ወደ ደጋ ወጥቶ ከኛ ጋር ቆዳ መራጭ ሆኖ ገባ። ሥራው ቆዳውን በብርሃን እያየ ቢላ የነካውን፣ መዥገር የበላውን፣ ቁስል ያለበትን መለየት ነው። ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ ነው። ምን ልበላችሁ፣ የሚጠላ ነገር አልነበረውም፤ እሱም አበሳጨኝ።

ጥቅምት ላይ ነው። ቆዳ ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመና አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ጋሼ ብርሃነ» አለኝ፣ «የቀኙ ኩሽኔታ ግራሶ ጨርሶ ይሆን እንዴ?»

«ምን ሰማህና?»

«እንጃ፣ ትንሽ ትፍቃለች። ወፍጮ ቤት ነው ያደግሁት ጋሼ፤ የአባቴ ወፍጮ እንዲህ ካለች ነገ ተነገ ወዲያ ትቆማለች።»

ካቻቢቴዬን አነሣሁ። ጫፉን ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም።

«ምንም የለም። አንተ ቆዳህን ምረጥ።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለና ሄደ።

በአራተኛው ቀን እኔም ሰማሁት። ቀጭን ፍቅታ፣ ልክ እሱ እንዳለው በቀኝ በኩል። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ቀርቼ ኩሽኔታውን ግራሶ አጠጣሁት፤ እጄን ታጥቤ፣ ያፈሰስኩትን ጠርጌ፣ ምንም እንዳልተነካ አድርጌ ሄድኩ። በማግስቱ ዓወል በአጠገቤ አለፈና ፈገግ አለ።

«አሁን ተሻላት» አለኝ። ተንኮል አልነበረበትም። ታማ የነበረች ዘመድ እንደዳነችለት ሁሉ ከልቡ ደስ ብሎት ነው። ቢያፌዝብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ድራሟን ይሰማል፤ ሌላው እሱ ምን እንደሰማ ለማወቅ ይጥራል። እሱ ቀና ባለ ቁጥር እኔም ቀና እላለሁ። መንዙማ እያንጎራጎረ በአጠገቧ ሲያልፍ ድራሟ የምትለዝብ ይመስለኝ ጀመር፤ እንጨት ሰው እንደማያዳላ እያወቅሁ። መቁጠሪያዬን ሠላሳ ላይ አድርሼ ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አፌ «እግዚኦ» ይላል፤ ልቤ «ዛሬ እንኳ ቢሳሳት» ይላል።

አጎዛውን የምትሰፋው ሳሌም አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ጋሼ ብርሃነ፣ ይኼ ዓወል ድራሟን ሊያስኮበልልብህ ነው መሰለኝ!» አለች።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ኖራ ቀለበት አላሰረላት» አለ ጥበቃው ፍቅረ ማርያም።

«ኧረ ተዉ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ!» አለ ዓወል። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሻዩ ግን አልወርድ አለኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አልታየች ቆፍጣና ሴት ናት፤ ነገር አታስታምምም። የዐቢይ ጾም ሲጋመስ ሁለታችንን ጠርታ አስቀመጠችን።

«ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የሚመጣውን ቆዳ ታውቃላችሁ» አለች። «ዓመቱን ሙሉ የማናየው በሦስት ቀን ይከመራል። እስከዚያ ድራሟን በፈረቃ ትይዛላችሁ፤ ብርሃነ ጠዋት፣ ዓወል ከሰዓት።»

«መራጭ አይደል እንዴ እሱ?» አልኳት።

«ነው። ጆሮም አለው ይላሉ። እኔ አንድ ድራም በሁለት አዛዥ ማሠራት አልችልም። ከፋሲካ በኋላ አንዳችሁ በፊርማ ትረከባላችሁ። ሌላው ጨው ቤት ይገባል።»

ጨው ቤት ማለት ከግቢው ጥግ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጥሬ ቆዳ በጨው የሚታሸው እዚያ ነው። እጅ ይሰነጠቃል፤ ጨው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። እሱ አልነበረም ያስፈራኝ። ከዚያ ሆኖ ድራሟ ሌላ ሰው እጅ ላይ ስትዞር መስማት ነው።

ዓወል ከቢሮው ስንወጣ «ጋሼ፣ እኔ አልጠየቅሁም፤ ወላሂ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። በእርግጥም አውቅ ነበር። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። በዚያ ሳምንት እኛ ሰላምታ አንለዋወጥም፤ መጨባበጥ፣ መሳሳም የለም። ይሁዳ ጌታን በመሳም ስለሸጠው ነው። ካህንም መስቀል አያሳልምም። ዓወል ይህን ያውቃል። ሰኞ ጠዋት እንደልማዱ እጁን ሊዘረጋልኝ ካለ በኋላ ትዝ ሲለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገልኝ። ማክበሩ ነው። እኔ ግን ይህን ሥርዐት እንደ ጥሩ ካባ ደረብኩት። ሰላም ላለማለት ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ላለማነጋገር። ለሌላው ሰው «ውኃ አምጣ፣ በሩን ዝጋ» እላለሁ፤ ከሱ ጋር ስገናኝ አንገቴን ደፍቼ መቁጠሪያዬን እቆጥራለሁ። ለሚያየኝ የጸሎት ሰው ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ድራሟ «ቂጭ» አለች።

በጣም ትንሽ ድምፅ ናት። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ፣ በግራ በኩል፣ ሆዷ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል። ጥፍር በጥርስ ሲነካ የሚሰማ ያህል። ወዲያው አወቅኋት። ዘንጉና እንጨቱ አብረው እንዲዞሩ በግራና በቀኝ መካከላቸው በመዶሻ የሚገባ የብረት ሽብልቅ አለ። የግራው ሽብልቅ መላላት ጀምሯል። ሁለት ጊዜ በመዶሻ ቢመታ፣ ቡሎኑ በቺያቤ ቢጠብቅ፣ አለቀ። ከተተወ ግን ቀን ቆጥሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ውኃና ቆዳ የተሸከመች ድራም ዘንጓ ላይ ትሸራተታለች።

ቺያቤውን አነሣሁ። እርግጠኛ ነኝ አንሥቼ ነበር። ከዚያ ዓወል ከመራጮቹ ገበታ ቀና ሲል አየሁና ቆምኩ። ሰምቶ ይሆን? ፊቱ ላይ ምንም የለም። «አልሰማም» አልኩ በልቤ። «ይኼ የኔ ነው። እስቲ እሱ ይድረስባት።» ቺያቤውን መልሼ ሰቀልኩት።

ማክሰኞ ዝም አልኩ። ረቡዕ ዝም አልኩ። «ቂጭ»ታው ከፍ እያለ ሄደ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሥራ አቆምን፤ እስከ ሰኞ ክርስቲያኑ ሁሉ ወደ ቤቱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ድራም ግን አራት ቀን ባዶዋን አትተውም። እንጨቷ ከደረቀ ትሰነጠቃለች፤ ውኃ ይዛ ጠዋትና ከሰዓት ትንሽ ትንሽ መዞር አለባት። በየዓመቱ በዓላችን ሲደርስ ይህን ማን ይሥራው እየተባለ ጭቅጭቅ ነበር። ዘንድሮ ዓወል «እኔ እጠብቃታለሁ፤ እናንተ በሰላም አክብሩ» አለ። ሠላሳ የሚሆን የትእዛዝ ቆዳም ሆዷ ውስጥ ነበር።

ልወጣ ስል ዓወል ከድራሟ ግራ ጎን ቆሞ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና ናት አይደል?» አለኝ።

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቃል የመለስኩለት ያኔ ነው።

«ደህና ናት» አልኩት።

የስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ደብራችን ቅጽር ውስጥ ስሰግድ ዋልኩ። ሰው ግጥም ብሏል፤ ግንባር ከምድር ጋር ሲገናኝ፣ ሲነሣ፣ ሲገናኝ። በወደቅሁ ቁጥር «ቂጭ» የምትል ይመስለኛል። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ መቁጠሩን ተውኩት። ያን ጊዜ ነው የአቶ ወርቅአገኘሁ «ግን» ትዝ ያለኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ግማሹን ንግግር ርስት አድርጌ ይዤ፣ የቀረው ግማሽ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ጆሮ አለው፤ ግን ልቡስ? ጆሮ አለው፤ ግን አፉስ? ሰውዬው ምን እንዳሉ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔን ግን ምን ሊሉኝ ይገባ እንደነበር በዚያች ሰዓት አወቅሁ።

ስግደቱ ሲያበቃ እንደ ልማዳችን ምእመኑ ወደ ካህናቱ ተሰልፎ በሳምንቱ ውስጥ የሠራውን ጥፋት ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ የሚሰግደውን ቁጥር ይነግሩታል። ሰልፉ ፈጣን ነው። «ተቆጣሁ» ይላል አንዱ፤ «ሃምሳ ስገድ»። «ሳላስብ ውኃ ጠጣሁ» ትላለች ሌላዋ፤ «ሠላሳ ስገጂ»። እኔ የንስሐ አባቴ መምሬ ወልደአረጋይ ዘንድ ደረስኩ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል፤ ወይራው ከእጃቸው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አጠፋህ ብርሃነ?»

«ዝም አልኩ።»

«ደግ አደረግህ። በዚህ ሳምንት ዝምታ ጥሩ ነው። ሌላስ?»

«አባቴ፣ መናገር ሲገባኝ ነው ዝም ያልኩት። ሰው ላይ። ቀንቼ።»

ወይራው አየር ላይ ቆመ። ከኋላዬ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ለዚህ ሁሉ ሌላ ቀን ና፤ እግሬ ዛለ» አሉ።

«ስንት ቀን ዝም አልክ?» አሉኝ መምሬ።

«ሦስት ቀን። ዛሬ አራተኛው።»

«ሰውየው አሁን የት ነው?»

«ዝም ያልኩበት ነገር አጠገብ ነው።»

በወይራው አልመቱኝም። በባዶ እጃቸው ትከሻዬን ገፉኝ። «እዚህ ምን ትሠራለህ ታዲያ? ሂድ ተናገር። ስግደትህን ስትመለስ እነግርሃለሁ።»

ከደብሩ እስከ ግቢያችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ባጃጅ አልያዝኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነጠላዬን አጣፍቼ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውኃ በአፌ አልዞረም። በሩን ስከፍት የሞተር ድምፅ የለም። ውኃ ከግቢው እስከ በሩ ድረስ ፈሶ አረፋው መሬቱ ላይ ደርቋል።

ድራሟ ወደ ግራ ተንጋዳ፣ ከሥሯ ሁለት ወፍራም እንጨት ተወትፎባት ቆማለች። ዓወል በጀርባው አንዱን እንጨት ደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ በሴት ሻሽ ተጠቅልሏል፤ ሻሹ በደም ርሷል።

«ጋሼ!» አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ሽብልቁ ዘሎ የወጣው። ሞተሩን አጠፋሁ፤ እሷ ግን በውኃው ክብደት ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ጀመር፤ ሞተሩ ላይ ልትወድቅ። እንጨት ስወትፍ አውራ ጣቴን ያዘችው። ስልኬን ጥላብኝ ውኃው በላው። መሊካ መክሰስ አምጥታ ነው ያየችኝ፤ ሻሿን አስራልኝ አጎቴን ልትጠራ ሄደች፤ ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ለምን ጥለሃት ወደ ሐኪም አልሄድክም?»

«ብነሣ ይኼ እንጨት ይወጣላ! ከተገለበጠች ሳንቃዋ አለቀ። ፋሲካ ደግሞ ተነገ ወዲያ ነው።»

ሽብልቁ ውኃው ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። መዶሻውን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ዓወል ዐይኑ ፈጠጠ።

«ጋሼ፣ ተዉ። ዛሬ ስቅለት አይደል? እናንተ ዛሬ መዶሻ አታነሡም። አጎቴ እስኪመጣ...»

እውነቱን ነው። በዚያ ቀን ምስማር አይመታም፣ መዶሻ አይነሣም። እናቴ በስቅለት ዕለት የተላቀቀ የበር ማጠፊያ እንኳ አታስነካም ነበር። ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልኩ። ዘንጉን አስተካከልኩና ሽብልቁን ከቦታው አግብቼ መታሁት። አንድ። የመዶሻው ድምፅ በባዶው ግቢ ሲያስተጋባ ሰውነቴን ወረረኝ። ሁለት። ሦስት። ቡሎኑን በቺያቤ አጠበቅሁ። ዓወል እንጨቱን ቀስ ብሎ ለቀቀ፤ ድራሟ ቀጥ አለች።

ወደ ጤና ጣቢያው በእግር ወረድን። ባጃጅ አጣን። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እኔ በግራው በኩል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለኝ እየሄድን። «ረቡዕ ሰምቻት ነበር።»

«ምኗን?»

«ቂጭ ስትል። የግራውን። ነገር ግን እርስዎ አጠገቧ ቆመው ምንም አላሉም። ‹እሳቸው ካልሰሙ እኔ ምን ሆኜ ነው የምሰማው› አልኩ። ሐሙስ ለማረጋገጥ ጠየቅሁዎት፤ ደህና ናት አሉኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ወፍጮ ይመስል ሁሉ ነገር ላይ ድምፅ እሰማለሁ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።»

ቆምኩ። መናገር እንደዚያ ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ከስግደቱም ከመዶሻውም ይከብዳል።

«ማክሰኞ ሰምቻታለሁ» አልኩት።

«ምን?»

«ማክሰኞ ጠዋት። አንተ ሳትሰማ በፊት። ቺያቤ አንሥቼ መልሼ ሰቀልኩት። እንድትሳሳት ፈልጌ ነው። ድራሟን እንዳይሰጡህ።»

ዓወል ፊቱን አዞረ። መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ካብ ነው የሚያየው። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«እኔ እኮ ለሕማማቱ መስሎኝ!» አለ። «መሊካን ‹ጋሼ ብርሃነ በዚህ ሳምንት ከጌታቸው ጋር ብቻ ነው የሚያወሩት› ብያት ነበር። እንዳልረብሽህ በጫማዬ ጫፍ ነው የሄድኩት። አንተ ለካ...» ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዱን ያወቅነው ሁለታችንም ነን፤ አላስተካከለውም። «ጣቴን ለጾምህ ብሰጥ ግድ አልነበረኝም። ለቅናትህ ነው የሰጠሁት?»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔን አይደለም መጀመሪያ። ሰኞ አልታየች ፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ትናገራታለህ። እኔ አልናገርልህም።»

«እናገራለሁ።»

«በል አሁን ተመለስ። ጤና ጣቢያውን አውቀዋለሁ።»

የቀረውን መንገድ ብቻውን ሄደ። ተመልሼ መምሬ ወልደአረጋይን ሳገኛቸው ቅጽሩ ባዶ ሆኗል። መዶሻ ማንሣቴንም ጨምሬ ነገርኳቸው። ስለ መዶሻው ምንም አላሉም። ስለ ዝምታው ግን ቁጥሩን ነገሩኝ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ስግደት ስለሌለ ከዚያ በኋላ የምፈጽመው ነው፤ ቀላል አይደለም።

የፋሲካ ማግስት ግቢው በቆዳ ተሞላ። በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በሰው ጀርባ። ሰዎች «እንኳን አደረሰህ» እያሉ ሲጨብጡኝ እጄ ቀዝቃዛ ነበር። ዐሥራ ስድስታችን ስንሰበሰብ ተነሥቼ ተናገርኩ። አሳጥሬ፤ ምክንያት ሳልደረድር። ሳሌም አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልቀለደም።

አልታየች መሳቢያዋን ከፈተች። «ሃያ ስምንት ዓመት» አለች። «እኔ እንኳ ድራሟን ላንተ ልሰጥ ነበር፤ ወረቀቱ ተዘጋጅቷል።» ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣች፤ ስሜ ተጽፎበት አየሁት። ቀደደችው። «ዓወል ነው የሚረከበው። ነገር ግን ሐኪሙ ሦስት ሳምንት በቀኝ እጅህ ምንም አትንካ ብሎታል። የሚያጠብቅለት፣ የሚያላላለት፣ በሩን የሚከፍትለት ያስፈልገዋል። ብርሃነ፣ በሱ ሥር ትሠራለህ?»

ስሜን ወረቀቱ ላይ ባላየው ይሻለኝ ነበር። «ጨው ቤት እገባለሁ» አልኩ።

ገባሁም። ፍቅረ ማርያም ከጥበቃው ተነሥቶ ለዓወል እጅ ሆነ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲህ ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ። ዓወል «ቀስ፣ ቀስ» ይላል፤ ፍቅረ ማርያም ቡሎን ይሰብራል። ድራሟ ሁለት ጊዜ ትዞራለች፣ ትቆማለች። ሁለት ጊዜ ትዞራለች፣ ትቆማለች። የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ፤ በቆመች ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ደስታዬ ያስደነግጠኛል፤ ጨው በእፍኜ አንሥቼ ቆዳውን እስኪያመኝ አሻለሁ። ረቡዕ ላይ ያልታጠበው ክምር መሽተት ጀመረ። አንዱን ቆዳ ስነካው ጸጉሩ በእጄ ቀረ። ሌላ ሁለት ቀን ካለፈ የፋሲካው ቆዳ ሁሉ መላጣ ነው፤ አጎዛ የለም፣ ሥራ የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጨው ቤቱ በር ላይ ጥላ አረፈ። ዓወል ነው። እጁ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል።

«አቶ ብርሃነ መስቀል» አለ። «ጋሼ» አላለኝም።

«አቤት።»

«ፍቅረ ማርያም ደግ ሰው ነው። ግን ቺያቤ ሲይዝ የበር ቁልፍ የያዘ ይመስለዋል።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ቆዳው እየተበላሸ ነው» አለ። «እኔ ያጣሁት እጅ ነው፤ ጆሮ አላጣሁም። ጆሮዎን ልለምን አልመጣሁም። እጅዎን ለሦስት ሳምንት ያውሱኝ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ጆሮዬን ቢለምነኝ እየሮጥኩ እወጣ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የኮራሁበትን ትቶ፣ ማንም ሰው ያለውን፣ ሁለት እጅ ነው የጠየቀኝ። ያ የማውቀው ቅናት ተመልሶ መጣ። አልሞተም ነበር። ጌታ ተነሥቷል፣ እኔ ዘምሬ መጥቻለሁ፤ እሱ ግን እዚያው ነው።

«እንዴት አድርገን ነው የምንሠራው?» አልኩት።

«ያጥብቁ ስል ያጠብቃሉ፤ ያላሉ ስል ያላላሉ። ውኃው መቼ እንደሚለወጥ እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ብትሳሳትስ?»

«የሰሙትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። እኔ እሰማለሁ፤ እወስናለሁም። እኔ የወሰንኩትን ደግሞ እርስዎ ይሠራሉ፤ ባያምኑበትም።»

በቆርቆሮው በኩል ፍቅረ ማርያም «ዓወል፣ ይኼኛው ደግሞ ተሰበረ!» ሲል ተሰማ። ዓወል ዐይኑን ከኔ ላይ አላነሣም።

እጄን አየሁት። ጨው ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ሆኖ ደርቋል።

«እሺ» አልኩ። «ሦስት ሳምንት፣ እንዳልከው። አንተ ታዛለህ፤ እኔ አጠብቃለሁ። ቺያቤውን ከፍቅረ ማርያም ተቀበልልኝ፤ እጄን ታጥቤ መጣሁ።»